አርዲቦ ውስጥ የወደቀ ቅጠል የት ይገባል?

በአርዲቦ ሐይቅ ዳርቻ የቆመ ሾላ ቅጠሉን ሲያራግፍ የሚጠርግለት የለም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ ከየተዳፋቱ ያገኘውን ሁሉ አግበስብሶ ያወርዳል፤ የማሽላ አገዳ፣ የወይራ ጭራሮ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ገለባ፣ እበት። ነገሩ ዘንድሮ የተጀመረ አይደለም። በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት በየክረምቱ ይኸው ነው። የሚገባውን ብቻ ብንደምር ሐይቁ ገና ድሮ ታጭቆ ረግረግ መሆን ነበረበት። አልሆነም፤ ዛሬም ጥልቀቱ 60 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚበላ አለ ማለት ነው።

ዓሣው ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ዓሣ ግን ደረቅ ቅጠል ቢያቀርቡለት ዞር ብሎም አያየው፤ የሚለቃቅም ቢሆን እንኳ የሚለቃቅመው የበሰበሰውን ነው። ቅጠሉን ለዓሣውም፣ ለትሉም፣ ለጥቃቅኑ የውኃ እንስሳም የሚበላ አድርጎ የሚያዘጋጀው ሌላ ነው፦ ፈንገስ። መሶብ ውስጥ የከረመ እንጀራ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣው ሻጋታ፣ በክረምት ከመሬት ብቅ የሚለው እንጉዳይ፣ ሊጡን የሚነፋው እርሾ ሁሉም የዚህ ወገን ናቸው። ዕፅዋት አይደሉም፣ እንስሳትም አይደሉም። እስካሁን ስም የወጣላቸው 150 ሺህ ገደማ ሲሆኑ፣ ሆክስወርዝና ሉኪንግ የተባሉ የዘርፉ ሊቃውንት በ2017 ባወጡት ግምት በዓለም ላይ ያሉት ዝርያዎች ከ2.2 እስከ 3.8 ሚሊዮን ይደርሳሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታውን ለማያውቅ ሰው፦ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሐይቅ ከተማ ይደርሳሉ። ከከተማዋ አጠገብ ያለው ሎጎ ሐይቅ በእስጢፋኖስ ገዳምና በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ስም አገር ያወቀው ነው። አርዲቦ ከዚያ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል የተቀመጠ ነው፤ ጎብኚም ጸሐፊም ብዙ አይደርስበትም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ውኃ ነው። ከአርዲቦ ሞልቶ የፈሰሰው በወንዝ ወርዶ ሎጎ ሐይቅ ይገባል። ከሎጎ ሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ሞላ ደምሌ፣ ተናለም አየነውና ጀርመናዊ ባልደረባቸው በ2007 ስለ ሁለቱ ሐይቆች ባሳተሙት የውኃ ጥናት፣ በመልክዐ ምድር የተዘጉ ሐይቆች እንደሆኑ ገና ከርእሱ ጀምረው ተናግረዋል።

ይህ መዘጋት ለኛ ጥያቄ ትልቅ ነገር ነው። ዓባይ ከጣና ሲወጣ አፈሩንም ቅጠሉንም ይዞ ይሄዳል፤ ዕዳው ወደ ታች አገር ይተላለፋል። ከእነዚህ ሁለት ሐይቆች ውስጥ ግን በወንዝ ተሳፍሮ ባሕር የሚደርስ ቅጠል የለም። ወይ እዚያው ይበላል፣ ወይ እዚያው ይቀበራል።

ቅጠል ውኃ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚሆነው ማንም ሳይነካው የሚሆን ነው። በውስጡ ያለው ስኳር፣ ማዕድንና ታኒን እየሟሟ ይወጣል። በአንዳንድ ቅጠሎች ከክብደቱ እስከ ሩብ የሚሆነው በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ በዚህ መንገድ ይሄዳል። ዳር ዳር የተኛ ውኃ ቅጠል ሲበዛበት ቡናማ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። የሟሟውን ባክቴሪያዎች ይሻሙታል፤ ልፋት የሌለበት ምግብ ነውና። የሚቀረው ጠንካራው ነው፦ ሴሉሎስና ሊግኒን። ሊግኒን ማለት እንጨትን የሚያጠነክረው፣ የቅጠልን ጅማት የሚያቆመው ነገር ነው፤ ከተፈጥሮ ውሁዶች መካከል እንደ እርሱ ለመፍጨት የሚያስቸግር ጥቂት ነው።

የፈንገስ ሙያ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያ በቅጠሉ ገጽ ላይ ይሰፍራል እንጂ ሰርስሮ ወደ ውስጥ መግባት ብዙም አይሆንለትም። የፈንገስ አካል ግን ክር ነው። ከጸጉር እጅግ የቀጠነ፣ በጫፉ እየገፋ የሚያድግ፣ የቅጠሉን ሕዋሳት ግድግዳ እየበሳ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሻገር ክር። አፍም ሆድም የለውም። ኢንዛይሙን ወደ ውጭ ያፈልቃል፤ ምግቡ ከአካሉ ውጭ ይፈጫል፤ ከዚያ የተፈጨውን በክሩ ግድግዳ በኩል ይመጥጣል። እኛ በልተን እንፈጫለን፤ እርሱ ፈጭቶ ይበላል። ማዕዱ ገበታ ላይ የተዘረጋ ስለሆነም አጠገቡ ያሉ ባክቴሪያዎች ሳይጠሩ ይቋደሳሉ።

ይህ ነገር በውኃ ውስጥ እንደሚካሄድ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ሲ. ቲ. ኢንጎልድ የተባሉ የዕፅዋት መምህር በሌስተር አካባቢ አንዲት ጅረት ውስጥ ከበሰበሱ ቅጠሎች ላይ ያገኟቸውን ፈንገሶች በ1942 አሳተሙ። የሚያስገርመው የፈንገሶቹ ስፖር ነበር፤ ስፖር ማለት ፈንገስ የሚራባበት ዱቄት መሰል ቅንጣት ነው። በየብስ ያሉት ስፖሮች በአብዛኛው ድቡልቡል ናቸው፤ ነፋስ እንደፈለገ ያንከባልላቸዋል። የኢንጎልድ ስፖሮች ግን ብዙዎቹ አራት ክንድ አላቸው፤ ሌሎቹ ቀጭንና ጥምዝ ናቸው። ምክንያቱ የሚፈስ ውኃ ነው። ድቡልቡሉ ቅጠል ላይ ቢያርፍ ውኃው ያንሸራትተዋል። ባለ አራት ክንዱ ግን በምንም በኩል ቢወድቅ ሦስት ጫፎቹ ቅጠሉን ይነካሉ፤ በሦስት ነጥብ የቆመ ነገር ደግሞ አይንገዳገድም። ከየጫፉ ወዲያው ክር ያወጣና ይተከላል። እነዚህ ስፖሮች አረፋ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ አረፋ ጨልፎ ወደ ማይክሮስኮፕ ማቅረብ እስከዛሬም የዘርፉ ተመራማሪዎች ቀላሉ ዘዴ ነው። ኢንጎልድ ራሳቸው ከ1905 እስከ 2010 ኖረው ሥራቸው ሲያፈራ አይተዋል፤ ዛሬ ፈንገሶቹ የሚጠሩት በስማቸው ነው።

እንግዲህ ፈንገሱ በቅጠሉ ውስጥ ክሩን ሲዘረጋ ቅጠሉ ራሱ ይለወጣል። ይለሰልሳል፤ ፈንገሱ ከውኃው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እየሳበ ወደ አካሉ ስለሚያስገባም ያ ገለባ የነበረው ነገር ፕሮቲን ይይዛል። በርሎከርና ኬንድሪክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለአንድ የንጹሕ ውኃ ባለ ቅርፊት እንስሳ ሁለት ዓይነት ምግብ አቀረቡለት፦ ፈንገስ ያደገበት ቅጠልና ያላደገበት ቅጠል። እንስሳው የቱን እንደ መረጠ መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ቅጠል ከዛፍ ወርዶ ዓሣ ሆድ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ በር ከፋቹ ፈንገስ ነው።

በአንድ ቅጠል ላይ የሚሠራው ግን አንድ ፈንገስ ብቻ አይደለም። የተቦካ የጤፍ ሊጥ ላይ የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሊጡ በተቦካ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚበዙት ባክቴሪያዎች በማግስቱ የሚበዙት አይደሉም፤ በ1985 የታተመ የጤፍ ሊጥ ጥናት እንዳሳየው መጀመሪያ አንዱ ወገን ይነግሣል፣ አሲድ ሲጨምር ላክቲክ አሲድ አምራቾቹ ይረከባሉ፣ እርሾዎችም የየራሳቸውን ሰዓት ጠብቀው ይመጣሉ። የፊተኛው ቤቱን ለራሱ እንዳይመች አድርጎ ለኋለኛው ያስረክባል። ቅጠልም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ሊጡ በሦስት ቀን የሚጨርሰውን ቅጠል በሳምንታትና በወራት መጨረሱ ነው። ቅጠሉ ገና ዛፍ ላይ ሳለ ውስጡ የኖሩ ፈንገሶች አሉ፤ እነርሱ የመጀመሪያዎቹ ተስተናጋጆች ናቸው። ከዚያ የውኃዎቹ ይመጣሉ። ለስላሳው ሲያልቅ ሊግኒን መፍጨት የሚችሉት ብቻ ይቀራሉ።

በዚህ ተራ አያያዝ ላይ ከሠሩት መካከል ኢትዮጵያዊው የፈንገስ ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ዶክተር ተስፋዬ ውበት ይገኛሉ። ጀርመን ውስጥ ሃለ በሚገኘው የሄልምሆልትዝ የአካባቢ ጥናት ማዕከል ይሠራሉ። በ2016 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት አንድ ጥናት ቢች ከተባለ ዛፍ የወደቀ ቅጠል፣ ደን ውስጥ መሬት ላይ ተኝቶ ሲበሰብስ ፈንገሶቹና ባክቴሪያዎቹ እንዴት እየተፈራረቁ እንደሚመጡ በዲኤንኤ ተከታትሏል። ድሮ ቢሆን ተመራማሪው የሚያውቀው በሳሕን ላይ ሊያሳድገው የቻለውን ፈንገስ ብቻ ነበር፤ ብዙዎቹ ደግሞ በሳሕን ላይ አያድጉም። አሁን ቅጠሉ ይፈጫል፣ በውስጡ ያለው ዲኤንኤ በሙሉ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ዝርያ የሚታወቅበት ቁራጭ ይነበባል። ማን እንደነበረ ለማወቅ እርሱን ራሱን ማግኘት አያስፈልግም።

የተስፋዬ የቀድሞ ሥራ ግን ለወሎ ሰው የበለጠ ቅርብ ነው ብዬ አስባለሁ። ስለ ሥር ፈንገሶች ነው። ብዙ ዛፎች ከሥራቸው ጋር የሚኖር ፈንገስ አላቸው፤ ፈንገሱ በቀጭን ክሩ ሥሩ የማይደርስበት ድረስ ሄዶ ፎስፎረስ ያመጣል፣ ዛፉ ደግሞ ከቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይከፍለዋል። ተስፋዬና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች ውስጥ ባደረጉት ጥናት ጽድና ዝግባ፣ በአንድ ደን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው እያለ፣ ከሥራቸው ጋር የሚኖሩት የፈንገስ ማኅበረሰቦች የተለያዩ ሆነው ተገኝተዋል። ይህም ማለት ተራቁቶ በከረመ ተዳፋት ላይ የጽድ ችግኝ የሚተክል ሰው፣ የሚተክለው ግማሹን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሌላው ግማሽ አፈር ውስጥ ካልጠበቀው ችግኙ ብቻውን ይቀራል። በየዓመቱ ስለ ተተከለው ችግኝ ብዛት ብዙ ይነገራል፤ ስለዚህኛው ነገር ግን ሲነገር እምብዛም አይሰማም።

ዛፉ ሲለወጥ ሐይቁ የሚቀርብለት ምግብም ይለወጣል። ባሕር ዛፍን እንውሰድ። ወደ አገራችን የገባው በ1890ዎቹ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ዛሬ በደቡብ ወሎ የማይታይበት ተዳፋት ጥቂት ነው። ቅጠሉ በላዩ ወፍራም ሰም የመሰለ ልባስ አለው፤ በውስጡ ደግሞ ለጉንፋን የምንታጠንበት ያው ዘይት አለ። ካንሆቶና ግራሳ የተባሉ ፖርቱጋላውያን ተመራማሪዎች በአገራቸው ጅረቶች ይህንኑ መርምረው ነበር፤ ባሕር ዛፍ በእነርሱም አገር ተንሰራፍቷልና። ፈንገሱ በልባሱ በኩል ማለፍ ስለሚያቅተው ቅጠሉ በሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ይገባል፤ ከገባ በኋላም ዘይቱ ያዘገየዋል። ዘይቱ ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ ሥራው አይፋጠንም። ቅጠሉ መበስበሱ አይቀርም፤ ግን ይቆያል። ባሕር ዛፍን የሚያወግዝ ጽሑፍ ስለበዛ እዚያ ላይ መጨመር አልፈልግም። ለማገዶውም ለቤቱ ምሰሶም የሚውለው እርሱ ነው። ብቻ የሐይቁ ተመጋቢዎች ከእርሱ ይልቅ ዋንዛና ሾላ ቢቀርብላቸው ሥራቸው ይቀላል።

እስካሁን ያየነው ዳር ዳሩን ነው። መሐል ሐይቁ ላይ ቅጠል የለም፤ እዚያ ያለው በዓይን የማይታይ አልጌ ነው። እዚያም ፈንገስ አለ፤ ግን ሌላ ዓይነት። ካይትሪድ ይባላል። ስፖሩ አንድ ጅራት አለው፣ ይዋኛል፣ አልጌ ሲያገኝ ይጣበቅና ውስጡን ይመጠምጠዋል። ጥቅሙ ግልጽ የሆነው በ2007 ነው። ማይኮ ካጋሚ የተባሉ ጃፓናዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት አንዳንድ አልጌ ትልቅ በመሆኑ ዳፍንያ የተባለችው ነጥብ የምታክል የውኃ እንስሳ ልትውጠው አትችልም። ካይትሪዱ ያን ትልቅ አልጌ በልቶ ብዙ ጥቃቅን ስፖሮች ይለቃል፤ ስፖሮቹን ዳፍንያ ትበላለች፤ ዳፍንያን ዓሣ ይበላታል። ሳይበላ ሰምጦ ሊቀር የነበረው አልጌ በፈንገስ በኩል ዞሮ ወደ ገበታው ይመለሳል።

ወደ ባሕር ስንሄድ ተመሳሳይ ነገር በሌላ ስፋት እናገኛለን። አንድ ሚሊ ሊትር የባሕር ውኃ፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ፣ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያና ዐሥር ሚሊዮን ያህል ቫይረስ አለ። በምድር ላይ ከሚካሄደው የፀሐይ ብርሃንን ወደ ምግብ የመለወጥ ሥራ ግማሽ ገደማውን የሚሠሩት የባሕር አልጌዎችና የእነርሱ ብጤ ባክቴሪያዎች ናቸው። በ1983 ፋሩቅ አዛምና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጽሑፍ እነዚህ ደቂቃን ባሕር ውስጥ የሟሟውን ሁሉ እየለቀሙ፣ ራሳቸውም በሌሎች እየተበሉ፣ የባከነውን ወደ ምግብ ሰንሰለት የሚመልስ አዙሪት እንዳላቸው አስረዱ። ያኔ ፈንገስ በባሕሩ ሒሳብ ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም ነበር። ዛሬ ከአንድ ሺህ በላይ የባሕር ፈንገሶች ስም ወጥቶላቸዋል፤ ከላይ ወደ ጥልቁ በሚዘንበው የሞተ ነገር ላይ፣ በባሕር ዳር ዛፎች ቅጠል ላይ፣ በሰጠመ እንጨት ላይ ተገኝተዋል። ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፤ የባሕር ደቂቃን የሚያጠና ሰው ግን አርዲቦ ቢመጣ እንግዳ አይሆንም። አልጌው፣ ባክቴሪያው፣ ቫይረሱ፣ ካይትሪዱ፣ በየፊናቸው የሚሠሩት ሥራ ያው ነው።

አሁን ወደ ታች እንውረድ። በጥልቅ ሐይቅ ላይኛው ውኃ በፀሐይ ይሞቃል፤ የሞቀ ውኃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቀዝቃዛው ከሥር ይተኛል። ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ኦክስጅን የሚገባው ከአየርና ከአልጌ፣ ማለትም ከላይ ብቻ ነው። ወደ ሥር የሚወርደው ደግሞ የሚበላ ነገር ነው፤ በዪዎቹም አብዛኞቹ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ኦክስጅኑ አልቆ ይቀራል። በሎጎ ሐይቅ ጥልቁ ክፍል ኦክስጅን እንደሚያጣ በጥናት ተመዝግቧል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ የላይኛው ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰምጣል፤ የታችኛው ይገለበጣል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ከሥር ይዞ የሚወጣው ያኔ ነው። መገለባበጡ በአንዴ ከሆነ ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል።

ኦክስጅን ከሌለ የፈንገሱ ሥራ ይቆማል ማለት ይቻላል። በተለይ ሊግኒንን መፍጨት አየር የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከፈንገስ ወገን ያለ አየር መኖር የሚችል የለም ወይ ቢሉ አለ፤ ግን ሐይቁ ውስጥ መፈለግ የለብንም፤ ሐይቁ ዳር ውኃ ሊጠጡ የመጡት ላሞች ሆድ ውስጥ ነው። ኮሊን ኦርፒን የተባሉ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በ1975 ከበግ ሆድ ያገኟቸው እነዚህ ፈንገሶች ኦክስጅን ይገድላቸዋል። ያንን ደረቅ የማሽላ አገዳ ላሟ ወደ ወተት የምትለውጠው በእነርሱና በባክቴሪያዎች ጉልበት ነው። ከዚያ በፊት ጅራት ያለው ስፖር በሆድ ውስጥ ሲዋኝ ያየ ሁሉ ሌላ ነፍስ ያለው ነገር ነው እያለ ያልፈው ነበር፤ ያለ አየር የሚኖር ፈንገስ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረምና።

የአየር እጦት ብቻም አይደለም የሚያስቆመው። ጨውም ያስቆማል፤ ቋንጣ ሲዘጋጅ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ጨው የሚያሸንፍበትን ጥግ ማየት የፈለገ ከአርዲቦ ቁልቁል አፋር መውረድ አለበት። የዳናኪል ጨው ድሮ ቀይ ባሕር ገብቶበት የነበረ ውኃ ተኖ ጥሎት የሄደ ነው። እዚያ ዳሎል ላይ ያሉት ቀለማም ኩሬዎች ጨውም አሲድም ሙቀትም ተደራርቦባቸዋል። በ2019 የፈረንሳይና የስፔን ተመራማሪዎች የመሩት ቡድን እጅግ ጨዋማና አሲዳማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ምንም ሕይወት አላገኘንም ብሎ አሳተመ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን እጅግ ጥቃቅን የሕይወት ምልክቶች አይቻለሁ ብሎ ነበር፤ የፈረንሳይና የስፔኑ ቡድን ግን እነዚያ ምልክቶች ሕይወት መስለው የታዩ ማዕድናት ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ጥያቄ አንሥቷል።

ወደ አርዲቦ ጭቃ ስንመለስ፣ ፈንገሱ ያልደረሰበት ነገር ምን ሆኖ እንደተቀመጠ ማየት ይቻላል። የአበባ ብናኝ ቅርፊት ስፖሮፖሌኒን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፤ ከሊግኒንም በላይ ለመፍጨት ያስቸግራል። ቅጠሉ ቢበላም ብናኙ ይቀራል፤ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ደግሞ ሺህ ዓመት ይቆያል። የእያንዳንዱ ዛፍ ብናኝ የራሱ መልክ ስላለው በማይክሮስኮፕ ይለያል። ዳርቢሻየር፣ ላምና መሐመድ ዑመር በ2003 ባሳተሙት ጥናት ከአርዲቦና ከሎጎ ሐይቅ ወለል ቧንቧ አስገብተው ባወጡት ጭቃ ውስጥ ያለውን ብናኝ ከላይ እስከ ታች ቆጥረውታል። ጭቃው የያዘው የ3,000 ዓመት ታሪክ ነበር።

ታሪኩ እኛ የለመድነው ዓይነት አይደለም። መጀመሪያ የዝግባና የጽድ ደን ነበር። ይህ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ተመነጠረ። በቦታው ክትክታና ሣር ሰፈነ፤ ለ1,800 ዓመታት ያህል እንዲሁ ቆየ። ከዚያ ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ደኑ ተመለሰ፤ ጽድ፣ ወይራና ቀውት። ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ እንደገና ሄደ፤ ከእርሱ ጋር የአፈር መሸርሸሩ በረታ።

ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር የሚለውን አነጋገር ያልሰማ ተማሪ የለም። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን በ1997 ይህን አኃዝ መርምረው መሠረቱ የላላ መሆኑን አሳይተዋል። የአርዲቦ ጭቃ የሚናገረውም ከዚያው ጋር ይገጥማል፦ የወሎ ደጋ ቀድሞውንም ተመንጥሮ ያውቃል፣ ቀጥሎም በራሱ ተመልሶ ያውቃል። መመለሱን ከግራኝ ጦርነትና ከዚያ በኋላ ከነበረው የሕዝብ ፍልሰት ጋር ለማያያዝ የሚፈልግ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ደኑ መመለስ የጀመረው ግን ከዚያ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ስለሆነ ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነው። ደኑ ከ1,800 ዓመት በኋላ ሲመለስ ዘሩም፣ የሥሩ ፈንገስም የሆነ ቦታ ተርፎ ነበር ማለት ነው፤ የገደል አፋፍ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ወይም መስጊድ አጠገብ።

አካባቢው ያሉ የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባት ይህን ሁሉ ያለ ላቦራቶሪ መጀመር ይችላሉ። ከሻሽ ጨርቅ ትናንሽ ከረጢቶች ይሰፉ። በግማሾቹ የደረቀ የዋንዛ ቅጠል፣ በቀሩት የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ እኩል ተመዝኖ ይግባ፤ ዐሥር ግራም ይበቃል። በድንጋይ ታስረው ጥልቀቱ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ይቀመጡ። በየሁለት ሳምንቱ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ከረጢት ወጥቶ፣ ጭቃው በቀስታ ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ ይመዘን። የክብደቱ መቀነስ በወረቀት ላይ ሲነጠብ ሁለት መስመር ይሰጣል። ማይክሮስኮፕ ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ ከአርዲቦ ወደ ሎጎ ሐይቅ በሚወርደው ወንዝ ድንጋዮች ሥር ከሚጠራቀመው አረፋ ጥቂት በማንኪያ ይጨልፍ፤ አረፋው እስኪጠፋ ይተወውና አንድ ጠብታ መስተዋት ላይ አድርጎ ባለ አራት ክንዶቹን ይፈልግ። ጥሩው ጊዜ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ወንዙ ጠርቶ ቅጠል በብዛት ሲይዝ ነው።